ከሽምቅ ተዋጊ ምን እንማራለን? የመንገድና የግቢ ደኅንነት ትምህርት



ሴሚስተሩ ሊያልቅ ሲል በየዶርሙ የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ «መንገዱ እንዴት ነው?» ድሮ ይህን የሚጠይቅ ሰው የመኪና ወረፋውን ወይም የትኬቱን ዋጋ ማወቅ ፈልጎ ነበር። ዛሬ የሚጠይቀው ስለ ሕይወቱ ነው። በ2012 ዓ.ም. ከደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ የታገቱትን ተማሪዎች ሁላችንም እናስታውሳለን። በሰኔ 2016 ደግሞ ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ተነስተው በአውቶቡስ ወደ አዲስ አበባ ሲጓዙ ከ100 በላይ ተሳፋሪዎች በሰሜን ሸዋ ገብረ ጉራቻ አካባቢ ተጠልፈዋል፤ አብዛኞቹ ተማሪዎች ነበሩ። የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ልጆችማ ሩቅ መሄድ አያስፈልጋቸውም። በነሐሴ 2013 ንፋስ መውጫ ለቀናት በትግራይ ኃይሎች እጅ ስትወድቅ በእናቶችና በእህቶች ላይ የደረሰው ግፍ በሰብአዊ መብት ተቋማት ሪፖርት ተጽፏል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በክልላችን ያለውን ሁኔታ ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው።

ስለዚህ ዛሬ ስለ ራስ ጥበቃ እንነጋገር። ትምህርቱን የምንወስደው ግን ካልተለመደ መምህር፣ ከሽምቅ ተዋጊ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ማንም ጠመንጃ እንዲያነሳ ወይም ጎራ እንዲለይ አይደለም የምጽፈው። ተማሪ የማንም ወታደር አይደለም፤ ሆኖ ከተገኘም የመጀመሪያው ተጎጂ እሱው ነው። ሽምቅ ተዋጊን የመረጥሁት ሁኔታው የእኛን ስለሚመስል ነው። ፈረንጆች «ጎሪላ» የሚሉት ቃል የስፔን ቃል ሲሆን «ትንሽ ጦርነት» ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1808 የናፖሊዮን ጦር ስፔን ሲገባ ገበሬው በየሸንተረሩ ያደረገው ውጊያ ነው ስሙን ለዓለም ያሰራጨው። የሽምቅ ተዋጊ በጉልበት ደካማ ነው። መድፍ የለውም፣ ሰው የለውም፣ ስንቅ የለውም። ያለው ዐይኑ፣ ጆሮው፣ እግሩና ወዳጁ ብቻ ነው። ሻንጣ ይዞ መናኸሪያ የቆመ ተማሪስ ከዚህ ሌላ ምን አለው?

ከራሳችን አገር እንጀምር። ዐፄ ቴዎድሮስ ገና ካሣ ኃይሉ ተብለው በቋራ በረሃ በሸፈቱበት ዘመን ትልልቅ መሳፍንት የሚልኩባቸውን ጦር ይፈትኑ የነበሩት በቅለት ነው። ቆላውን ያውቁታል፤ ሲመቻቸው ይገጥማሉ፣ ሳይመቻቸው ይሰወራሉ። በ1840 ዓ.ም. ግን ደባርቂ ላይ ምሽግ ይዞ መድፍ ያጠመደውን የግብፅ ጦር ፊት ለፊት ገጥመው ተሸነፉ። ከዚያ በኋላ የመድፍ ነገር ከልባቸው አልወጣም ይባላል። ከነገሡ በኋላ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ አውሮፓውያኑን የእጅ ጥበብ ሰዎች ሰብስበው ሴባስቶፖልን አሠሩ። ክብደቱ ወደ 7 ቶን ይጠጋል።

አሁን ወደ ጋይንት እንምጣ። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ ሴባስቶፖልን በሰው ጉልበት እያስጎተቱ ወደ መቅደላ ተነሱ። መንገዱ በጋይንት በኩል ነው፤ በጨጨሆ በር አልፎ፣ ዋድላንና ደላንታን አቋርጦ፣ የጅዳንና የበሽሎን ገደል ወርዶ መውጣት። መድፉ የሚሄድበት መንገድ ስላልነበረ በየቀኑ ድንጋይ እየፈለጡ መንገዱን እየሠሩ ነበር የሚጓዙት። ጨጨሆን በአውቶቡስ ያለፈ ሰው ቁልቁል አይቶ ልቡ ድንግጥ ሳይል አይቀርም፤ ያንን ገደል 7 ቶን ብረት ይዞ ማለፍ ምን እንደሚመስል ይገምት። ጉዞው ግማሽ ዓመት ገደማ ፈጀ። በዚህ መሐል የእንግሊዝ ጦር ከዙላ ባሕር ዳርቻ ተነስቶ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ እየተጓዘ ነበር። ንጉሡ መቅደላ የደረሱት በመጋቢት መጨረሻ ግድም ነው፤ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ነገሩ ሁሉ አለቀ።

የታሪክ ሰዎች ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ ብዙ ብለዋል፤ እኔ የምፈልገው አንዱን ነጥብ ብቻ ነው። በቋራ ያልተያዘው ሰው በጋይንት መንገድ ላይ ለማንም የተጋለጠ ሆነ። የሚሄድበት ይታወቃል፣ የሚያልፍበት በር ይታወቃል፣ ፍጥነቱ ይታወቃል፣ ጥሎት መሄድ የማይችለው ንብረት አለው። በራስ ጥበቃ ትምህርት ከእነዚህ ከአራቱ የከፋ ድክመት የለም። አሁን የእኛን ተማሪ ተመልከቱ። ሁለት ትልልቅ ሻንጣ፣ አንድ ማዳበሪያ በሶና ሽሮ፣ ትከሻው ላይ ላፕቶፕ፤ የመሄጃውን ቀን ከሳምንት በፊት ፌስቡክ ላይ «ወደ ቤት ልንሄድ ነው» ብሎ ለጥፏል፤ መኪናው ውስጥ ሆኖ ደግሞ ፎቶ ይለቃል። ሁላችንም የየራሳችን ሴባስቶፖል አለን ማለት ነው። እናት የላከችውን ስንቅ ጥላችሁ ሂዱ አላልሁም፤ እናቶቻችን ይቆጡኛል። ነገር ግን በሁለት እጅ የማይያዝ ዕቃ ይዞ በዚህ ዘመን መንገድ መውጣት ከባድ ነው። ለመሮጥ፣ ለመውረድ፣ መኪና ለመቀየር እጅ ባዶ መሆን አለበት። መጽሐፉን ለጓደኛ አደራ ስጡ፣ ብርድ ልብሱን ዶርም ተዉት። ላፕቶፑን መተው ካልቻላችሁ የመመረቂያ ጽሑፋችሁን ሌላ ቦታም አስቀምጡት፤ ዕቃው ቢሄድ ሥራው እንዳይሄድ። «ዕቃውን ጥለህ ሂድ» የተባለ ሰው ሳያመነታ መጣል የሚችለው ከውስጡ ሕይወቱን የሚያህል ነገር ከሌለ ነው።

በጣሊያን ዘመን የነበሩት አርበኞች የተገላቢጦሽ ናቸው። ጠላት በበጌምድርም እንደ ሌላው አገር የያዘው ከተማውን፣ ምሽጉንና ዋናውን መንገድ ነበር። በ1929 ዓ.ም. ክረምት መገባደጃ ላይ በላስታና በበጌምድር ዐመፁ ሲቀጣጠል ገጠሩ ከእጁ ወጣ፤ ደብረ ታቦር የነበረው የጣሊያን ጦር እጁን የሰጠው በ1933 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ነው። «ዱር ቤቴ» ያለ ሰው ጉና ተራራን፣ የበሽሎንና የዓባይን ሸለቆ እንደ ጓዳው ያውቃል። አንድ ቦታ ሁለት ሌሊት አያድርም፤ በሄደበት መንገድ አይመለስም። ከሁሉም በላይ ግን የውስጥ አርበኛ ነበረው። በከተማ ተቀምጦ፣ ከጠላት ጋር እየዋለ፣ ወሬውን፣ መድኃኒቱንና ጥይቱን ወደ ጫካ የሚያወጣ ሰው ማለት ነው። አዲስ አበባ ላይ ሸዋረገድ ገድሌ በዚህ ሥራ ስማቸው የተነሳ ሴት ናቸው። የውስጥ አርበኛ ባይኖር የጫካው አርበኛ ዕውር ነበር።

ከዚህ የምንወስደው ሁለት ነገር ነው። አንዱ ልማድን መስበር ነው። ዘራፊ ሰውን የሚያጠናው በልማዱ ነው። በየሳምንቱ ቅዳሜ በአሥር ሰዓት ከባንክ ብር የምታወጡ ከሆነ፣ በዚያው አቋራጭ የምትመለሱ ከሆነ፣ እናንተን ለመጠበቅ ብልህ መሆን አያስፈልገውም። ሁለተኛው ወሬ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ። ተማሪ የመንገድ ወሬ የሚሰማው ከቴሌግራም ነው። ግማሹ የትላንት ነው፣ ግማሹ የሆነ ሰው ምኞት ነው። አርበኛው እንዲህ ያለ ወሬ ሰምቶ አይንቀሳቀስም ነበር፤ «ማን አየ? መቼ አየ? የት ቆሞ አየ?» ብሎ ይጠይቃል። እናንተም ዛሬ ጠዋት በዚያ መንገድ ያለፈ ሾፌር ወይም ረዳት ጠይቁ። በዚያ ከተማ የሚኖር ዘመድ ላይ ደውሉ። የሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች ወሬ ከገጠመ ይታመናል፤ ካልገጠመ አንድ ቀን ማደር ምንም አይጎዳም። ከጋይንት ወደ መሐል አገር ሁለት በር አለ፤ በደብረ ታቦርና በወረታ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው፣ ወይም በጋሸናና በወልድያ ወደ ደሴ የሚያወርደው። ሁለቱንም ሳያጣራ የተነሳ ሰው አንደኛው ሲዘጋበት መሐል ላይ ይቀራል።

አንዳንድ ወንድሞች ይህን ሁሉ ሲሰሙ «አላህ ያለው አይቀርም» ይላሉ። ልክ ነው፣ አይቀርም። ነገር ግን ከሁሉም ሰው ይበልጥ በአላህ የተመኩት ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በሂጅራቸው ቀን ምን አደረጉ? አቡበክር (ረ.ዐ.) ቤት የመጡት ሰው በማይንቀሳቀስበት በቀትር ሐሩር ነው። ዐሊይ (ረ.ዐ.) በመኝታቸው ተኛ። የሲራ ጸሐፊዎች እንደሚሉት ከአቡበክር ቤት የወጡት በኋላ በር ነው። መዲና ከመካ በስተሰሜን ናት፤ እሳቸው ግን ወደ ደቡብ፣ ወደ ሰውር ዋሻ ሄዱ፤ ፈላጊው ሁሉ ወደ ሰሜን እንደሚሮጥ ግልጽ ነበርና። ሦስት ሌሊት እዚያ ቆዩ። የአቡበክር ልጅ ዐብደላህ ቀን ከቁረይሾች ጋር ውሎ የሚመክሩትን ይሰማል፣ ሲመሽ ዋሻ መጥቶ ያወራል፣ ሳይነጋ ተመልሶ እዚያው መካ ያደረ ይመስላል። የውስጥ አርበኛ ማለት ይኸው ነው። ዓሚር ኢብኑ ፉሀይራ ፍየልና በጎቹን እየነዳ ወተት ያደርሳል፤ የመንጋው ኮቴ ደግሞ የሰውን ዱካ ያጠፋል። አስማእ (ረ.ዐ.) ስንቅ ታዘጋጃለች። መንገድ መሪው ዐብደላህ ኢብኑ ኡረይቂጥ እስላም እንኳ አልነበረም፤ የተመረጠው መንገድ ስለሚያውቅና ስለሚታመን ነው። ከሦስት ቀን በኋላም የያዙት የተለመደውን ሳይሆን የባሕር ዳርቻውን መንገድ ነው።

በዚያ ጉዞ ውስጥ እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ አንድ ትንሽ ነገር አለ። መንገድ ላይ አቡበክርን የሚያውቅ ሰው ያገኛቸውና «ይህ አብሮህ ያለው ማነው?» ይላቸዋል። መንገድ የሚመራኝ ሰው ነው ብለው ይመልሳሉ። ጠያቂው የበረሃ መንገድ መሪ መሰለው፤ እሳቸው የኸይርን መንገድ ማለታቸው ነበር። አልዋሹም፣ ግን ምስጢርም አላወጡም። አውቶቡስ ውስጥ አጠገባችሁ የተቀመጠ የማታውቁት ሰው «የማን ልጅ ነህ? አባትህ ምን ይሠራል? ውጭ አገር ዘመድ አለህ?» ሲል ሊጫወት ይሆናል፤ ሊመዝናችሁም ይሆናል። አገራችን ጨዋታ ወዳድ ስለሆነ ዝም ማለት ነውር ይመስለናል። አቡበክርን አስታውሱና አጭር፣ እውነተኛ፣ ጥቅም የሌለው መልስ ስጡት። ውጭ አገር ያለ ወንድም ጉዳይ በፍጹም መንገድ ላይ አይወራም።

ይህ ለእኛ አካባቢ ሙስሊሞች አዲስ ነገር አልነበረም። በበጌምድር የነበሩት የሲራራ ነጋዴዎች፣ የደሪጣ ሰዎች ጭምር፣ አሞሌና ቡና ጭነው ወራት የሚፈጅ መንገድ ሲጓዙ ሽፍታ በየበሩ ነበር። ብቻውን የሚነሳ ነጋዴ ሞኝ ነው። ቁጥራቸው እስኪሞላ ይጠባበቃሉ፣ ነጋድራስ ይሾማሉ፣ እሱ ተነሱ ሲል ይነሳሉ፣ ስፈሩ ሲል ይሰፍራሉ፤ ቀረጡንም የሚነጋገረው እሱ ነው። ሦስት ሆኖ የሚጓዝ አንዱን አሚር ያድርግ የሚለውን ሐዲስ በተግባር አዋሉት ማለት ነው። ሰው ብቻውን በሌሊት የመጓዝን ጉዳት ቢያውቅ ኖሮ እንደማይሄድ የሚያስተምረውን ሐዲስም ቡኻሪ ዘግበውታል።

እንግዲህ የእረፍት ጊዜ ሲመጣ በወረዳ ተሰባሰቡ። የስማዳ ልጆች ከስማዳ ልጆች ጋር፣ የእስቴ ከእስቴ፣ የታች ጋይንት ከታች ጋይንት፤ እስላም ክርስቲያን ሳትሉ፣ የአገር ልጅ መንገድ ላይ ወንድም ነው። ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ አሚር ይኑር። አሚር ማለት አለቃ መሆን አይደለም፤ ማን እንደተሳፈረ፣ ማን የት እንደወረደ የሚያውቅ ሰው ነው። ግቢ ውስጥ የቀረ አንድ ጓደኛ ደግሞ የሁሉንም ስምና የቤተሰብ ስልክ በወረቀት ይያዝ፤ ስልክ ሲጠፋ፣ ኔትወርክ ሲቋረጥ ወረቀት አይጠፋም። በጠዋት የሚነሳና ሳይመሽ የሚያደርስ መኪና ምረጡ። ብራችሁን አንድ ቦታ አታድርጉ፤ ጥቂቱ ኪስ ውስጥ፣ ዋናው ሌላ ቦታ፣ የቀረው ባንክ ይሁን። ኬላ ላይ ስትቆሙ መታወቂያችሁ ከላይ ይገኝ፣ እጃችሁ ይታይ፣ ስልክ አውጥታችሁ ፎቶ እንዳታነሱ፤ ስልካችሁ ውስጥ የሰው ሬሳና የታጣቂ ቪዲዮ ሞልታችሁ አትጓዙ። የማንም ደጋፊ ሳትሆኑ የሁሉም ጠላት የሚያደርጋችሁ እሱ ነው።

አንድ ተጨማሪ። ጦር ሰፈር ሌሊት የሚገባ ሰው «የይለፍ ቃል» ይጠየቃል። ሶሐቦችም በጨለማ የሚለያዩበት ቃል ነበራቸው። ይህ ስም ዛሬ ስልካችን ላይ ቀርቷል፤ ዋናውን ሥራውን ግን ለቤተሰባችን እናውለው። ከእናትና ከአባታችሁ ጋር ሌላ ሰው የማያውቀው አንድ ቃል ተስማሙ። «ልጃችሁ ተይዟል፣ ብር ላኩ» የሚል ስልክ ሲመጣ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው ያ ቃል ይሁን። አጭበርባሪ ከሆነ እዚያው ይታወቃል፤ ያለ ምክንያት በሬ የሸጠ ቤተሰብ አይኖርም። ቃሉ የላም ስም ቢሆን ይበቃል፤ ፌስቡክ ላይ የሌለ ይሁን እንጂ።

ስለ ግቢያችን ደግሞ። አብዛኞቻችን ለሱብሒ ከግቢ ወደ መስጂድ የምንወጣው ገና ጨለማ ሳለ ነው። የድሮ ጦር ሲጓዝ ፊታውራሪ ከፊት፣ ቀኛዝማች በቀኝ፣ ግራዝማች በግራ ነበሩ፤ ማዕረጎቹ ስም ከመሆናቸው በፊት የሰውን ቦታ ያመለክቱ ነበር። አራት ሆናችሁ ስትሄዱ ሁላችሁም አንድ ስልክ ላይ አጎንብሳችሁ ከሆነ ብዛታችሁ ምንም አልጠቀመም። አንዱ ከፊት ይይ፣ አንዱ ኋላውን ይመልከት፤ ኢርፎን አይደረግ። ጅብም ሆነ ሌባ አስቀድሞ የታየ ነገር አይወድም። እህቶች ከዒሻእ በኋላ ከላይብረሪ ስትመለሱ በር ድረስ ጠብቃችሁ ግቡ፤ የአንዷ መድረስ ሳይታወቅ ሌላዋ አትተኛ።

ሶላት ላይ ሳለን ራሱ ጥንቃቄ አለ። በሱረቱ ኒሳእ 102ኛው አንቀጽ ስለ ፍርሃት ሶላት ሲያስተምር ግማሹ ይሰግዳል፣ ግማሹ ይጠብቃል፤ ጠላት ከመሣሪያችሁና ከጓዛችሁ ብትዘናጉ ይመኛል የሚል መልእክት አለው። ልብ በሉ፣ ጓዝ ተጠቅሷል። እኛ ግን ላፕቶፕ ያለበትን ቦርሳ በር ላይ ከጫማ ጋር አስቀምጠን ሱጁድ እንወርድና ስናሰላምት እናጣዋለን። ቦርሳ ከፊት፣ በሱጁድ ቦታ አጠገብ ይቀመጥ። የኡሑድ ቀን ሃምሳዎቹ ቀስተኞች ኮረብታቸውን እንዳይለቁ ታዘው አብዛኞቹ የለቀቁት ጦርነቱ ያለቀ ሲመስላቸው ነው፤ ኻሊድ ከኋላ የዞረውም በዚያች ቅጽበት ነው። ተማሪም የሚዘረፈው ብዙ ጊዜ መንገዱን ሁሉ ተጠንቅቆ መናኸሪያው ደርሶ «አልሐምዱ ሊላህ፣ ገባን» ካለ በኋላ፣ በባጃጅ ነው።

ተኩስ ከሰማችሁ መሬት ላይ ተኙ። ለማየት ወደ መስኮት አትሂዱ፤ በእናንተና በውጭው መካከል አንድ ሳይሆን ሁለት ግድግዳ ይኑር፤ ተኩሱ ካቆመ በኋላም ብዙ ጠብቁ። አውቶቡስ ውስጥ ከሆናችሁ ወንበር ሥር ዝቅ በሉ፤ ሾፌሩን በጩኸት አታስደንግጡት።

ከ2013ቱ ጦርነት በኋላ በጋይንት ሜዳና ጉድባ ውስጥ ያልፈነዳ ነገር ሊኖር ይችላል። ለእረፍት ስትመለሱ ከብት የሚጠብቁ ታናናሾቻችሁን ሰብስባችሁ ይህን ንገሯቸው፤ ያልታወቀ ብረት አይነሳም፣ አይረገጥም፣ ድንጋይ አይወረወርበትም፣ ለቁራሌው አይሸጥም። ያየው ልጅ በመጣበት ዱካ ይመለስ፣ ከሩቅ ድንጋይ ከምሮ ምልክት ያድርግ፣ ለትልቅ ሰው ይናገር። እናንተም የአባቶቻችሁን አጭር መንገድ በጉድባ በኩል ከመያዝ ሰው በየቀኑ የሚረግጠውን ዋናውን መንገድ ያዙ፤ ግማሽ ሰዓት ቢያዘገያችሁም።